ሁለታችንንም ሆነሻል

ውድ ማራናታ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም። ጤናሽን ባለፈው ሐሙስ በስልኬ አይቼዋለሁ። ያን ሁሉ ሜዳ ስትሮጪ፣ ያን ሁሉ ኳስ ስትወረውሪ ውለሽ፣ መጨረሻ ላይ ከዚያች ረጅሟ ካፒቴናችሁ ጋር ተቃቅፈሽ ስትዘዪ ነበር። ደህና ነሽ። እኔም ደህና ነኝ፤ ቅናት ይዞኝ ነው እንጂ።

በቴሌግራም ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። እዚያ ብጽፈው የሳቅ ምልክት ትልኪልኝና ነገሩ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይቀራል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ወረቀት ገዝቼ ቁጭ ብያለሁ። ወንድምሽ ሉቃስ በሚልክልሽ ዕቃ ውስጥ፣ ከዳጣው ጠርሙስ አጠገብ ታገኚዋለሽ። ዳጣው ቢፈስበትም ግድ የለም፤ ከሱ ይልቅ የኔ ያቃጥላል።

ከየት እንደጀመርን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ እንዴት እንደማስታውሰው ግን አታውቂም። ገርጂ፣ ሰባተኛ ክፍል። ወንዶቹ ሜዳውን ለእግር ኳስ ይዘውት፣ እኔና አንቺ ከደረጃው ስር ቁጭ ብለን ቀለሞሽ እንጫወት ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ቶማስ፣ ያ ጢማሙ ህንዳዊ፣ ቆሞ አየን። ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውረሽ፣ መሬት ያሉትን ጠራርገሽ አንስተሽ፣ የወረወርሽውን ሳይወድቅ ስትቀልቢ ዓይኑ ፈጠጠ። በማግስቱ ያን ባት የሚሉትን ጠፍጣፋ እንጨቱን ይዞ መጣ። «ጠጠር የማይጥል ልጅ፣ ኳስም አይጥልም» አለን በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ክሪኬት የጀመርነው እንደዚያ ነው። ሰፈር ውስጥ ባቱን ይዘን ስንሄድ «የገና ጨዋታ በግንቦት?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ለወንድሜ ለሱልጣን ያስረዳሽውን ታስታውሻለሽ? «አንዷ ሦስቱን እንጨት ለመጣል ኳስ ትወረውራለች። ሌላዋ እንጨቶቹ እንዳይወድቁ በባት ትመታለች፤ አርቃ ከመታች እየተመላለሰች ሮጣ ነጥብ ትሰበስባለች» አልሽው። እሱም «በቃ? ለዚህ ነው ህንድ በሙሉ ሥራ የሚፈታው?» አለሽ። አንድ ሳምንት አኮረፍሽው።

አንቺ ወርዋሪ ነበርሽ፣ እኔ መቺ። አንቺ ባት ስትይዢ መጥረጊያ የያዝሽ ነበር የምትመስይው። እኔ ደግሞ ስወረውር ኳሷ ጎረቤት ግቢ ገብታ ውሻ ታስነሳብን ነበር። አንድ ቀን ቲቸር ቶማስ ሁለታችንንም ጠራንና «በዚህ ጨዋታ ሁለቱንም የሚችል ሰው ኦልራውንደር ይባላል። እናንተ ውስጥ ኦልራውንደር የለም። ግን ሁለታችሁ ስትደመሩ አንድ ኦልራውንደር ትወጣላችሁ» አለን። የሒሳብ አስተማሪ አይደል። ያ ድምር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የኔ ምት ደግሞ ነበረችኝ። እናቴ የመጋረጃ ጫፍ እንዴት እንደሚለካ ስታስተምረኝ፣ አንዱን ጉልበት መሬት አስነክቼ፣ ወገቤን ዝቅ አድርጌ፣ ሜትሩን ከቀኝ ወደ ግራ በአንድ እጅ መዘርጋት ነበረብኝ። ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስሠራው የዋልኩትን ሜዳ ላይ ባት ይዤ ደገምኩት። አንድ ጉልበቴን መሬት አስነክቼ ኳሷን ወደ ግራ፣ ከኋላዬ፣ ማንም ወደሌለበት እጠርጋት ነበር። አንቺ ስንት ቅዳሜ ወርውረሽብኝ አናደድኩሽ! «በናትሽ እሷን ምት ተያት፣ ሌላ ምቺ» ትይኝ አልነበር?

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስንም በኋላ ቅዳሜያችን አልቀረም። አንቺ አትላስ አካባቢ ሆቴል ሥራ ገባሽ፣ እኔ ቦሌ ሚካኤል የአባቴ ሱቅ መጋረጃ ላይ ቀረሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከመዝሙር ጥናት የቤተ ክርስቲያን ቀሚስሽን በፌስታል ይዘሽ ትመጫለሽ፣ እኔ ዙህር ሰግጄ እመጣለሁ፣ እስኪመሽ እንጫወታለን። ቲቸር ቶማስ አገሩ ሲገባ ባቱን ለሁለታችን ሰጠን። እኔ ጋ ይቀመጥ አልሽ። መቺዋ እኔ ነኝና።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቀረሽ።

ስልክሽ ዝግ ነው። ቤታችሁ መጣሁ። እናትሽ እትዬ አዝመራ በር ላይ ቆመው፣ እኔን ሳይሆን የግቢውን ድንጋይ እያዩ፣ «ሆሳዕና ሄደችኮ ልጄ፣ አያቷን ልትጠይቅ። ዛሬ ጠዋት ላምበረት ወስጄ አሳፈርኳት» አሉኝ። ማራናታ፣ ላምበረት የደሴና የወልድያ ሰው የሚሳፈርበት ነው። ከላምበረት ሆሳዕና የሚሄድ መኪና የለም፤ ሆሳዕና በሌላኛው የከተማው ጫፍ ነው። አብሬሽ ሄጄ የለ? እናትሽ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ላይ የመጣላቸውን መናኸሪያ ጠሩ። እኔም «እሺ እትዬ፣ ስትደውል ሰላም በሉልኝ» ብዬ ተመለስኩ። ምን ልበል?

ሙስካት እንዳለሽ የሰማሁት ከፌስቡክ ነው። የሆቴል ዩኒፎርም ለብሰሽ፣ ከኋላሽ ባሕር። ከስሩ «ጌታ ይመስገን»፣ «እሰይ እህቴ»፣ «እግዚአብሔር ሠራ»። አብሮሽ አንድ ቀን ያልተማረ ሰው ሁሉ እኩል ከኔ ጋር ሰማ። ቦሌ አየር ማረፊያ እኮ ከሱቃችን ጀርባ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ የሱቃችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ያንቺም በላዬ አልፎ ይሆናል፤ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ የሰው መጋረጃ ስለካ።

አውቃለሁ፣ አገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰስ አይወራም። ሰው ቀበቶውን አስሮ አውሮፕላኑ ካልተነሳ በቀር ሄድኩ አይልም፣ ዓይን ይገባበታል ይባላል። ግን አንቺ? «በኢየሱስ ስም» ስትይ ግድግዳ የምታነቃንቂ ዘማሪ፣ የኔን ዓይን ፈራሽ? ኋላ ደውለሽ «እማዬ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኝ ነው» አልሽኝ። ለማንም። እኔ ማንም ሆንኩ። ያን ቀን አልቀናሁም ነበር፣ ወላሂ። ብትነግሪኝ ሻንጣሽን እኔ ነበርኩ ጎትቼ የምሸኝሽ። ሳልቀና ቀናተኛ አደረግሽኝና ሄድሽ። እኔም ስሙ ከወጣልኝ አይቀር ብዬ መቅናት ጀመርኩ።

እዪው እንግዲህ እንዴት እንደቀናሁ።

መጀመሪያ፣ ዓርብ ዓርብ ከሆቴል ሠራተኞች ጋር ትጫወቺ ነበር። ከህንዶቹ፣ ከስሪላንካዎቹ ጋር። ፎቶ ስትልኪልኝ «ቀሽት ነው» እላለሁ፤ ስልኩን እዘጋለሁ። ከዚያ ክለብ ያዘሽ። ከዚያ ሦስት ዓመት ስትኖሪ ለኦማን ብሔራዊ ቡድን መጫወት ትችያለሽ ተባልሽ፣ ሞላሽ፣ ማሊያውን ለበስሽ። ቀናሁ፤ ግን ቻልኩት። ለምን ቻልኩት? ወርዋሪ ብቻ ነበርሽ። ኳስ መወርወር ያንቺ ነው፣ ከድሮም ያንቺ ነው። ለራሴ «የኔን ግማሽ አልነካችም» እለው ነበር።

ከዚያ ባት መያዝ ጀመርሽ። መጀመሪያ ከመጨረሻ፣ ሰው ሲያልቅ ነበር የምትገቢው፤ ሳቅኩ። ያ መጥረጊያ አያያዝሽ ለቆሽ ስለነበር ግን ሳቄ ብዙ አልቆየም። ዓመት ሳይሞላ አምስተኛ መቺ ሆንሽ። ከዚያ ሦስተኛ። ሦስተኛ የኔ ቦታ ነው፣ ማራናታ! ትምህርት ቤት እያለን ሁልጊዜ ሦስተኛ የምገባው እኔ ነበርኩ። በመጨረሻም አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ስልኬን ከክር ማስቀመጫው ጋር አስደግፌ ሳይሽ፣ አንድ ጉልበትሽን መሬት አስነክተሽ ኳሷን ወደ ግራ፣ ከኋላሽ፣ ማንም ወደሌለበት ጠረግሻት።

መቀሱን ወርውሬ ተነሳሁ። አንዲት ደንበኛ የሳሎን መጋረጃ እያስመረጥኳት ነበር፤ ደነገጠች። ሱልጣን «ምነው፣ ባልሽ ከሌላ ጋር ታየ እንዴ?» አለኝ። ባል ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ይባስ ብሎ አንዲት ጋዜጠኛ ስለዚያች ምት ጠየቀችሽ። «ማን አስተማረሽ?» አለችሽ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። አንቺም ያን የጥርስሽን ክፍተት እያሳየሽ ሳቅሽና «አዲስ አበባ መጋረጃ የምትሰፋ ጓደኛ አለችኝ፣ ከሷ አይቼ ነው» አልሽ። ሰው ሁሉ ወደደው። «እንዴት ያለች ትሑት ልጅ» ተባለልሽ። መጋረጃ የምትሰፋ! መጋረጃ መስፋት አያሳፍረኝም፣ ቤታችን የቆመው በሱ ነው። ግን «መቺ ናት፣ እኔን ስንት ዓመት ያሸነፈች መቺ ናት» ብትይ ምን ይቀንስብሽ ነበር? ክሪኬት ተጫዋች ናት ማለት አቃተሽ? ያን ቀን እናቴ «ምን ሆነሻል» ብትለኝ ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

የሐሙሱን ደግሞ ልንገርሽ፣ ከተናገርኩ አይቀር። ከኔፓል ጋር። እየመታሽ እየመታሽ ሄደሽ፣ ሃምሳ ነጥብ ልትሞዪ ትንሽ ቀረሽ። እኔ ምን እያልኩ ነበር መሰለሽ? «ያ ረቢ፣ ሃምሳ አታድርጋት» እያልኩ ነበር። እኔ ሃምሳ ሞልቼ አላውቅማ። ከዚያ እንጨትሽ ወደቀ። «እሰይ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ፊት። አንገትሽን ደፍተሽ ባትሽን ብብትሽ ስር ሸጉጠሽ ስትወጪ ደግሞ፣ ልክ ያኔ ገርጂ ስትሸነፊ እንደምትሄጂው ስትሄጂ፣ እንባዬ መጣ። እኔ ነኝ እሰይ ያልኩት፣ እኔው ነኝ ያለቀስኩት። ይሄ ምን ይባላል?

ገና እንባዬን ሳልጠርግ አንቺ ኳስ ይዘሽ ተመልሰሽ መጣሽ! አራት ሰው አስወጣሽ፣ ጨዋታውን አሸነፋችሁ፣ ከረጅሟ ጋር ተቃቀፍሽ። ኦልራውንደር ላይ መቅናት ድካም ነው፣ ማራናታ። ሌላው ሰው አንዴ ይቀናበታል ይበቃዋል፤ አንቺ ግን በባቱ ቀንቼብሽ ሳልጨርስ በኳሱ ትመጫለሽ። ሁለታችንንም ሆነሻል እኮ። ያ የቲቸር ቶማስ ድምር ላይ እኔ ቀረሁና መልሱ አልተለወጠም። የሚያመኝ እሱ ነው። ብቻሽን ሞልተሽ ስታበቂ እኔ ምን ላደርግ ነው?

ያን ምሽት ነው ያ የድምፅ መልእክትሽ የመጣው። «አስሚዬ፣ እኛ ክለብ መቺ ይፈልጋል። ለአሠልጣኛችን ቪዲዮሽን አሳየሁት፣ ወዶሻል። ሆቴላችን ልብስ ስፌት ክፍል ቦታ አለ፣ ቪዛውን እነሱ ይጨርሳሉ። ፓስፖርትሽን ላኪልኝ።» ሁለቴ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ?» አልሽኝ።

ተናደድኩ። ስንት ዓመት የበላኝን ቃል እንደ ስጦታ መልሰሽ ሰጠሽኝ። መልስ ሳልሰጥሽ የቀረሁት ለዚህ ነው እንጂ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ግን ፓስፖርቴን ላኩልሽ። መሄድ እፈልጋለሁ፣ ምን ልዋሽሽ? ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አሁን ካልሄድኩ መቼም አልሄድም። ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ ምን ይመስልሻል? «አልሀምዱሊላህ» አላለችም። በሩን ዘጋችና «ለማንም እንዳትናገሪ!» አለችኝ።

ከሱቃችን አጠገብ ጁስ ቤት የምትሠራ ኢክሪማ የምትባል ልጅ አለች፤ አንቺ አታውቂያትም። ከሄድሽ በኋላ የሚወረውርልኝ ሰው ስላጣሁ መወርወር አስተማርኳት። የድሮው ሜዳችን ታጥሮ ፎቅ እየወጣበት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው የምንጫወተው፣ ዘበኛው ገብረሰንበት መስታወት እንዳንሰብር እየተቆጣን። ጎበዝ ናት። እንዳንቺ አይደለችም፣ ግን ጎበዝ ናት። እሰይ ስልም አጠገቤ የነበረችው እሷ ናት። ዓርብ ለት ማንጎ እየላጠች «አስሚ፣ አዲስ አወራወር አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ወር እንጨትሽን ካልጣልኩ ስሜን ቀይሪው። አለሽ አይደል?» አለችኝ።

እኔም «ኢንሻአላህ፣ የት እሄዳለሁ» አልኳት። የማንጎውን ቅርፊት እያየሁ።

እትዬ አዝመራ የግቢውን ድንጋይ ሲያዩ ትዝ አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ዓይኔን ፈርተሽ ብቻ አልነበረም። ከነገርሽኝ ፊቴን ማየት ነበረብሽ፤ እኔ ስቀርና አንቺ ስትሄጂ የሚሆነውን ፊቴን። እሱን ነው ያልቻልሽው። እኔም የኢክሪማን አልቻልኩም። ይቅር ብዬሻለሁ ማለቴ አይደለም፣ ገብቶኛል ነው ያልኩት።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጁስ ቤቱ ገና ሳይከፈት ሄጄ መዝጊያውን አብሬያት እያነሳሁ ነገርኳት። ሙስካት፣ ክለብ፣ ቪዛው ገና ያልተመታ፣ ሁሉንም። ፊቷን አየሁት። እናቶቻችን የሚፈሩት ፊት እዚያው ነበር፤ ጠቆረች። ከዚያ «ቀናሁብሽ» አለችኝ። በግልጽ! «ወላሂ ቀናሁብሽ፣ አሁን እዚህ እየተቃጠልኩ ነው። ደግሞስ ቅዳሜ ለማን ልወርውር?» ብላ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ አንድ ሰውዬ አቮካዶ ሊያዝ መጥቶ ቆሞ ጠበቀን። ምንም አልሆንኩም። ቀናሁ ስትለኝ እንዲያውም ቀለለኝ። ያን ቀን ነው አንቺንም ልጽፍልሽ የወሰንኩት። ቀንቼብሻለሁ፣ ማራናታ። በማሊያሽ ቀንቻለሁ፣ በሦስተኛ ቦታሽ ቀንቻለሁ፣ በዚያች ረጅም ሴትዮ ከሁሉም በላይ ቀንቻለሁ።

ባቱን ለኢክሪማ ሰጥቻታለሁ። የሁለታችን ነበር፣ ሳልጠይቅሽ ሰጠኋት። አንቺም ሳትጠይቂኝ ምቴን ወስደሻል።

ዛሬ ሉቃስ ዕቃውን መቼ እንደሚልክ ልጠይቅ ቤታችሁ ስሄድ ለእትዬ አዝመራም ነገርኳቸው። «ውይ ልጄ፣ ቪዛ ሳይመታ ለምን ትናገሪያለሽ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። «እርስዎስ ቢሆኑ፣ ልጅዎን በላምበረት ሆሳዕና ላኳት አይደል?» ብላቸው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። «ለካ ያን ቀን አውቀሽብኝ ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ እየሳቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እጄን ይዘውም ጸለዩልኝ። በኛ ቤት ደግሞ እናቴ ሰው በሰማ ቁጥር ቁርአን የተቀራበት ውሃ ታጠጣኛለች። ውሃ ጠጥቼ ልሞት ነው፤ ምክንያቱም አሁን ቦሌ ሚካኤል በሙሉ ሰምቷል። መጋረጃ ሊያስለካ የመጣ ሁሉ «መቼ ነው?» እያለኝ ነው። ገብረሰንበት እንኳን «እዚያም መስታወት አለ፣ ተጠንቀቂ» ብሎኛል።

ቪዛው ላይመታ ይችላል። ካልተመታ ሰፈሩ «ምነው ቀረሽ?» ይለኛል፣ እናቴም «ብዬሽ ነበር» ስትለኝ ትኖራለች። ያን ጊዜ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ስልኬን ከክሩ ጋር አስደግፌ እቀናብሻለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ከተመታ ግን ከአሁኑ እወቂው፣ ለመተቃቀፍ አይደለም የምመጣው። ክለባችሁ ውስጥ ሦስተኛውን ቦታ ልቀበልሽ ነው። አንቺ አራተኛ ትገቢያለሽ፣ ደስ ካላለሽ አልቅሺ። የብሔራዊ ቡድኑን ደግሞ ሦስት ዓመት ቆጥሬ እደርስበታለሁ። እስከዚያ ያችን የጉልበት ምት አውሼሻለሁ፤ ብታበላሺያት ግን ወዮልሽ።

ኤርፖርት ልትቀበዪኝ ብቻሽን ነይ። ረጅሟን እንዳታመጪያት። ጋዜጠኛዋም ዳግመኛ ማን አስተማረሽ ካለችሽ፣ እንዴት ብለሽ እንደምትመልሺ ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ።

አስማ ሙዘሚል፣
ክሪኬት ተጫዋች